የእናትሽ ነጠላ ጫማ ያለበት ፊልም

ሴኮንዲ፣ ማክሰኞ ጁን 10 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለአራባ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የኖርዌይ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። ዛሬ ማክሰኞ፣ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ጀልባ አልወጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ተቀምጦ መረብ እየጠገነ ያወራል።

ለእናትሽ ሙት ዓመት እዚያ ላሉት ያገራችን ልጆች የምታሳዪውን ፊልም ስላዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ። ቀብሯ ላይ መገኘት ሳትችይ ቀርተሽ ይህን አንድ ነገር ብቻ ለምነሽኝ እንዴት እዘነጋለሁ? ያስቸገረኝ ኮምፒውተሩ ነው። የቤታችን ቪዲዮ ሁሉ ሲገባበት ሆዱ ሞልቶ መተንፈስ አቃተው። ቆርጬ ቀጥዬ ፊልሙን እንዲያወጣ ሳዝዘው ቀኑን ሙሉ ያምጣል፤ ሊጨርስ ሲል መብራት ይሄድና እንደገና ከሀ። እንዳይግል ብዬ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዙሬ እኔ በላብ እጠመቃለሁ። እናትሽ ብታየኝ ስቃ አትጨርስም ነበር።

በመጨረሻ ፎቶ ቤት ያላትን ኤፉዋን ጠራኋት። አየት አየት አደረገችና፣ "ፓፓ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ግማሹ እኮ መሬት ነው! አሸዋ፣ ነጠላ ጫማ፣ የዶሮ እግር... ይሄንን ያውጡና ይጣሉት፣ ፋይሉ ይቀልልዎታል" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናትሽ ካሜራውን ማብራት እንጂ ማጥፋት አልሆነላትም፤ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ወደ ጉዳይዋ ትሄድ ነበር። አንድ በአንድ ለቅሜ ጣልኩት። ኤፉዋ "መጣያውንም ባዶ ያድርጉት፣ ቦታ ይለቃል" ብላኝ ነበር፤ እሱን ግን እጄ እምቢ አለ። ነገር መጣል እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ጓሮ ያለው የተሰበረ ሬዲዮ ምስክሬ ነው።

ፊልሙ ቀለለ፣ ቶሎም ወጣ። ደስ ብሎኝ አክስትሽን ኤኩዋን ጠርቼ አሳየኋት። የወንድምሽ ሰርግ፣ ያንቺ ምረቃ፣ የልጆቹ ስም የወጣበት ቀን፣ ሁሉም አለ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

"ያምራል ኤቦ። እህቴስ የታለች?"

"የምትቀርጸው እሷ አይደለች እንዴ? እንዴት ትታያለች?"

"ድምጿስ?"

እናትሽ ስትቀርጽ ትንፋሿን ውጣ ነው። አፏ የሚፈታው ካሜራውን የዘጋች ሲመስላት ነበር። ልጄ፣ አልደብቅሽም፣ አለቀስኩ። መሬት ነው ብዬ የጣልኩት እሷን ነበር። ወዲያው የኮምፒውተሩን መጣያ ስከፍተው፣ ተመስገን፣ ሁሉም እንዳለ ተቀምጧል።

መልሼ አስገባሁት፤ ፋይሉም መልሶ ተራራ አከለ። ኤፉዋ "ፓፓ፣ ጥራቱን ዝቅ ላድርገው?" ስትለኝ፣ "ምስሉን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ድምፁን ግን እንዳትነኪብኝ" አልኳት። ከፋፍለን እንልክልሻለን። ምስሉ ቢደበዝዝ አትዘኚ። መሬት ብቻ ሲታይ እንዳታሳልፊው፤ እንግዶችሽንም ዝም አሰኚልኝ። የበቆሎ ኬንኬ ሻጯን "ይሄ ኬንኬ ነው ወይስ ጠጠር?" እያለች ስትነዘንዛት ትሰሚያለሽ። ከዚያ ቆም ትልና፣ "አራባ ምሳዋን በልታ ይሆን?" ትላለች።

ይህን ስጽፍልሽም ኮምፒውተሩ እያማጠ ነው። እንደ በፊቱ አልቸኩልበትም። አንዱ ቦታ ላይ እናትሽ፣ "ኤቦ፣ ይሄ ነገር ተዘግቷል?" ብላ ትጠይቀኛለች። ያኔ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ "ተዘግቷል" ብያታለሁ። አሁን ግን ፊልሙን ከፍቼ እሱ ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ "ገና ነው፣ አውሪ" እላታለሁ።

ባሕሩን የሚያረጋጋው ጌታ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የምትወጂውን ሰው ድምፅ ከቤትሽ አያጥፋብሽ። ምሳሽንም ብዪ።

አባትሽ ኤቦ ኳንሳ