ለሦስት ሰዓት ስለተሰጠን ባለጎማ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ኃይለመለኮት፣ የቀበሌያችን የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 1977 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሙሉ ጤንነትዎን፣ በተለይም የእግርዎን ጤንነት አጥብቄ እመኛለሁ፤ ቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ እግርዎ አንድ ቀን እንቢ ቢልዎ እኛን ማን ያገለግለናል?

ስሜ ፀሐይቱ ይባላል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከሚኖሩት ነዋሪዎችዎ አንዷ፣ የአናጺው የበድሉ ባለቤት ነኝ። ባለፈው እሑድ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «ሂስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፣ በሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን» ብለው ስለጋበዙን፣ ግብዣዎን መናቅ ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽፌአለሁ። እንዳይደክሙ ብዬም ሁለተኛውን ቅጂ ራሴ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ባለቤቴ አምና የካቲት ላይ፣ የቀበሌው አዳራሽ በእሑድ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲሠራ፣ ከጣሪያው ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ ከእንግዲህ በእግሩ እንደማይሄድ ነገረን። ሰኔ ላይ እርስዎ በዚያው አዳራሽ ቆመው፣ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚሰጥ ክፍል መከፈቱንና ስድስት ባለጎማ ወንበሮች መምጣታቸውን አበሰሩን። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ጭብጨባ ዛሬ ራሴን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1ኛ. ክፍሉን ስለመፈለግ። የቀበሌው ጸሐፊ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ላከኝ፤ ከፍተኛው ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለ ሌላ ቢሮ ላከኝ፤ የዚያ ቢሮ ዘበኛ ደግሞ አዝኖልኝ «እናቴ፣ ይሄ ክፍል እኮ እዚያው እናንተ ቀበሌ ነው» አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ተንከራትቼ ክፍሉን ከእርስዎ ቢሮ ጎን፣ ምንም ያልተጻፈበት በር ኋላ አገኘሁት። እግሬ ጤነኛ ሆኖ ይህን ያህል ከፈጀብኝ፣ ክፍሉ የተከፈተላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያገኙት ማሰብ የእርስዎ ድርሻ ስለሆነ አልገባበትም።

2ኛ. ባለጉዳዩ ራሱ ስለመቅረቡ። «ራሱ ካልቀረበ አይመዘገብም» ስላሉኝ፣ መርካቶ በተሸካሚነት የሚሠራው ጎረቤታችን በከር ባለቤቴን አዝሎ ደረጃውን ወጣ። በድሉ ሰው የሚያየው እንዳይመስለው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አንድ ጫማው ደረጃው ላይ ወድቆ እኔ ይዤው ተከተልኩ። እርስዎ ቀና ብለው ሳያዩን ስሙን ጻፉና አሰናበቱን። ነሐሴ ላይ በማኅተም የደረሰን መልስ እንዲህ ይላል፦ «አመልካቹ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ የቀረቡ በመሆኑ መንቀሳቀስ እንደሚችሉ ስለተረጋገጠ፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።» ጮክ ብዬ ሳነብለት ባለቤቴ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እስከ ማግስቱ እህል አልቀመሰም። ስለ ሳቁ አመሰግንዎታለሁ።

3ኛ. ስለ መስከረም ሁለት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ጠዋት ሁለት ሠራተኞችዎ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ወንበር እየገፉ ደጃችን መጡ። «ጋሽ በድሉ፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው» አሉት። ሙሉ ልብሱን አለበስኩት፤ በሰልፉ ፊት ገፉት፤ እርስዎም ትከሻውን ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመልሱት እኔ ወንበሩን የት እንደማቆመው ቦታ እየጠረግሁ ነበር። አንደኛው «እትዬ፣ ወንበሩ ወደ መጋዘን ይመለሳል» አለኝና በብብቱ ገብተው አንሥተው፣ ከነሙሉ ልብሱ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ባዶውን ወንበር ግን ለሁለት ይዘው፣ ጠጠር እንዳይነካው እየተጠነቀቁ ወሰዱት። ጓድ ሊቀመንበር፣ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰው ተጸይፌ አላውቅም። ምራቄን ዋጥኩ። እስካሁን አልወረደልኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ባለቤቴ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ «ፀሐይቱ፣ ወረቀትና እርሳስ አምጪልኝ» አለኝ። ለካ እርስዎ ለፎቶግራፍ ፈገግ ሲሉ፣ እሱ የወንበሩን ወርድና ቁመት በስንዝሩ ሲለካ ኖሯል። ብስክሌት ጠጋኙ ኢዶሳ ሁለት አሮጌ ጎማ ሰጠው። በድሉ መሬት ተቀምጦ በመጋዝ እየቆረጠ፣ እየላገ፣ በሁለት ሳምንት ወንበር ሠራ። ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሲሄድም ይጮኻል። የጥቅምት ልደታ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከኋላ ልገፋው እጄን ስሰነዝር «ተይኝ፣ አትግፊኝ» አለኝ። ቅጥሩ ድረስ በገዛ እጁ ሄደ። እኔ ከኋላው እያለቀስኩ ተከተልኩ፤ ይህ ግን እርስዎን አይመለከትም።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ሠራተኛዎ ቅጽ ይዞ መጣ፤ በድሉ ከኮሚቴው አንድ ባለጎማ ወንበር ስለመረከቡ የሚፈረምበት ነው። «የኛን ወንበር እናንተ ሰጣችሁን እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ወንበር አላቸው አይደል? ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። ካልፈረማችሁ የኅብረት ሱቅ ካርዳችሁን አስቡበት» አለኝ። ባለቤቴ ቅጹን አጥፎ መለሰለት። «የዚህን ወንበር ጎማ የሰጠኝ ኢዶሳ ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ስም አልጽፍበትም» አለው። እኔም አልፈረምኩም።

ዓርብ ዕለት ካርዳችን ተወሰደ። ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም፦ ለመስጠት ሦስት ወር ያልበቃው ኮሚቴ ለመውሰድ ሁለት ቀን በቃው። ስኳርና ዘይት ጎረቤቶቻችን ከየራሳቸው እየቀነሱ ያቀብሉናል፤ ስማቸውን ግን እንዳያመሰግኗቸው ስለምፈራ አልጽፍልዎትም።

ለፎቅዎ፣ ለማኅተምዎና ለተቆለፈው መጋዘንዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ትንሽ እፍረት እንዲሰጥዎ የምለምንልዎ፣

ያልፈረመችው ነዋሪዎ
ፀሐይቱ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቀትር በፊት ጠጅቱ የምትባል ዓይነ ስውር ሴት ግድግዳ እየዳበሰች ቤታችን መጣች። መሪ ዱላ ፈልጋ ቢሮዎ ብትመጣ፣ የእርስዎ ሰዎች «ጠመንጃ ያዥ ወዳለው አናጺ ሂጂ» ብለው እንደላኳት ነገረችን። ክፍልዎ ከተከፈተ ጀምሮ ባለጉዳይን ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲመራ ይህ የመጀመሪያው ነውና እንኳን ደስ አለዎ። ዱላዋን በድሉ ዛሬ ጠዋት ጨርሶ ሰጥቷታል። ቅጹን ይዘው እንዳይደክሙ፤ እሷም አትፈርምም።