ትርፌ ፈተናውን ያለፈች ቀን

ሐምሌ 22 ቀን 1989፣ ኦክላንድ
ጠዋት ብርድ ነበር። ልብስ አጠብኩ። ባለቤቴ ትርፌ ካልሲዎቹን አጣመረች፣ ደህና ነበረች። ከሰዓት ምድጃውን ለኩሳ ረሳችው... ጭሱ አላርሙን አስጮኸው። ማናጀሯ እየሮጠች መጣች። ይህ የአዛውንቶች መንደር ራሱን ለሚችል ሰው ብቻ ነው አለች። ነርስ ትርፌን ትፈትናታለች፤ ካቃታት የእሷ ውል ይቋረጣል፣ አስታማሚ ያለበት ነርሲንግ ሆም ትገባለች። እኔ ግን መቆየት እችላለሁ አሉ! አርባ ዓመት አብረን ኖረን? ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ሐምሌ 27
ልጄ እድላዊት ከሳን ሆዜ ደወለች። "አባባ፣ የእማማን መርሳት ለምን ይደብቃሉ? እኔ ጋ ሙቭ አድርጉ።" እሷስ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። እምቢ አልኩ።
ፈተናው ማክሰኞ ነው፤ ቁርስ ሠርታ ስትበላ ያዩዋታል። እያለማመድኳት ነው። ዘይት፣ እንቁላል፣ ከዚያ ማጥፋት። ማጥፋቱን ደጋግማ ስትረሳ ጮህኩባት። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ሐምሌ 29
ነርሷ ቀረች። ለነሐሴ 5 አዛወረችው። ጊዜ አገኘን ብዬ ደስ አለኝ... ቆይቶ ነው ክው ያልኩት። ፍልሰታ! አምና ሐኪም ወተት ጠጪ ቢላት "በጾም? ብሞት ይሻለኛል" ያለች ሴት ናት። ነርሷ ፊት እንቁላሉን አልነካም ብትልስ? በዳቦ ልለውጠው ብል ሁሉም ተደበላለቀባት።

ነሐሴ 5
ነርሷ ዝም ብዬ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ትርፌ ዘይት ጨመረች፣ እንቁላሉን ሰበረች፣ ምድጃውን አጠፋች። ተቀምጣ በላች። ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው። "ቬሪ ጉድ" አለች ነርሷ። አለፈች።
ትርፌ በፍልሰታ፣ በጠዋት፣ እንቁላል በላች። ጾም መሆኑ ትዝም አላላትም። ምነው እምቢ ባለች...
መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ነሐሴ 6
ማናጀሯ ጋ ሄጄ ውላችንን አቋርጡልን አልኩ። "አልፋለች እኮ" አለችኝ ግራ ገብቷት። "ለእናንተ ነው ያለፈችው" አልኳት። ጾሟን የረሳች ሴት ለእኔ እንዳላለፈች ማስረዳት አቃተኝ። ለእድላዊት ደውዬ እንመጣለን አልኳት። ያለቀሰች መሰለኝ።

መስከረም 9፣ ሳን ሆዜ
ሐኪም ጋ ሄድን። እንዴት ናት ሲሉኝ ደህና ናት ማለት ነበር ልማዴ። ዛሬ እድላዊት እያስተረጎመች ሁሉንም ነገርኩት። ምድጃውን፣ ጩኸቴን፣ እንቁላሉን... መሐል ላይ ፊቴን በመሐረቤ ሸፈንኩ። ትርፌ ስለ ማን እንደምናወራ አልገባትም። እጄን ያዝ አድርጋ "አይዞህ፣ ትድናለች" አለችኝ።