«ወፍጮው ይጩህ» ያሉት ኤፎ ዶትሴ አግቤንዮ

ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ይላል፤ ገና ጎህ ሲቀድ። ወደ አቬዲኮፔ የሚመጣ እንግዳ የቤቶቻችንን ጣሪያ ከማየቱ በፊት ከኮኮናት ዛፎቹ ጀርባ የሚሰማው ይህንን የካሳቫ ወፍጮ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ዝም ብሏል። ወፍጮውን ያቋቋሙት አጎታችን ኤፎ ዶትሴ አግቤንዮ አርፈዋልና።

ኤፎ ዶትሴ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ አግቤንዮ ክፖዶ እና ከእናታቸው ከዳዳ ኤሲናም እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም በዚሁ በቮልታ ወንዝ ዳር በምትገኘው መንደራችን ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በግብርና ማሠልጠኛ ተምረው በ1974 በግብርና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1979 ከወይዘሮ አክፔኔ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ2011 ጡረታ ሲወጡ ሌላው ሰው ወንበሩን ጥላ ሥር ያወጣል፤ እሳቸው ግን ተናደው ነበር የተመለሱት። መንደራችን ጥሬ ካሳቫ ለከተማ እየሸጠች፣ የዚያኑ ካሳቫ የተቆላ ዱቄት ከከተማ ትገዛ ነበር። ወጣቱም ተከትሎት ወደ አክራ ይሄድና መንገድ ላይ የታሸገ ውኃ ይሸጣል። ኤፎ ዶትሴ አሮጌ ሞተር ገዝተው፣ ዳስ ሠርተው፣ ሥራ የፈቱትን ልጆች ሰበሰቡ። ወፍጮው የወጣቶቹ እንደሆነ፣ እሳቸው ዘበኛ ብቻ እንደሆኑ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ስለ ሥራ ፈጠራ ሊያሠለጥኑን የመጡም ነበሩ። ባነር ሰቅለው፣ ቲሸርት አድለው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። ኤፎ ዶትሴ የሞተር ቺንጋ ሲለምኗቸው፣ ቺንጋ በዕቅዱ ውስጥ እንደሌለ ነገሯቸው። ቲሸርቶቹ ለሞተሩ መጥረጊያ ሆነዋል፤ በዚያ በኩል ጠቅመውናል።

ከሁሉ በላይ ያቃጠላቸው ግን የራሳችን ነገር ነው። በመንደራችን ሰው ሲሞት የቀብሩ ሳምንት በሙሉ ወፍጮ አይጮህም። የተነቀለ ካሳቫ ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም፤ ይጠቁራል፣ ይሸታል። በ2016 ሽማግሌዎች ተከታትለው አረፉ፤ የኤሊኬም ካሳቫ ክምር እንዳለ በሰበሰ። ኤሊኬም ኤፎ ዶትሴ ካሠለጠኗቸው ሁሉ ጎበዙ ነበር። ዛሬ አክራ ውኃ ይሸጣል።

ያን ጊዜ ኤፎ ዶትሴ የቤተሰቡ አለቃ ቶግቢ አካክፖ ፊት ቆመው ለመኑ። ሟቹን እንቅበር፣ የልጆቹን እንጀራ ግን አብረን አንቅበር ነበር ልመናቸው።

«ዶትሴ፣ አንተ ስትሞትም ይጩህ ልትል ነው?» አሏቸው ቶግቢ።

«ይጩህ እንጂ ቶግቢ። ያኔ ቢረብሽ እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ አልሰማውም።»

ጉባኤው ሳቀ። ኤፎ ዶትሴ ግን አልሳቁም።

ኤፎ ዶትሴ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 2 ቀን 2019 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ወፍጮውን የምትመራውን ዴላሊን አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ሥራ እንዳታቆሚ። የነጋዴው መኪና ዓርብ ዓርብ ይመጣል፤ እኔ ከመቃብሬ የትም አልሄድም» ብለዋታል። ዱቄቱን የሚገዛት ነጋዴም አሁንም ባዶ እጁን ከተመለሰ ዳግም እንደማይመጣ ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ ዴላሊ ባለፈው ሰኞ ካሳቫዋን ነቀለች፤ ክምሩ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ዳሱ ውስጥ አለ። ማክሰኞ አስከሬናቸው መንደር ገባ። ቶግቢ አካክፖም የሞተሩን ማስነሻ ማኑቬላ አስመጥተው ከወንበራቸው ሥር አኖሩት። ዶትሴን የሚያህል ሰው ሞቶ ወፍጮ ጮኸ ቢባል ሰው ምን ይለናል፣ ያም የዶትሴ ቀልድ ነበር ብለዋል።

ቀልድ አልነበረም። ይህ ነገር ከዚህ የሕይወት ታሪካቸው ይውጣ ያሉም አሉ፤ ከወጣ ግን የሚቀረው የተወለዱበትና የሞቱበት ቀን ነው።

ኤፎ ዶትሴ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ያልወለዷቸውን የወፍጮ ቤት ልጆች ትተው አልፈዋል። በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን እረፍት አምላክ በእቅፉ ይስጣቸው፤ የጀመሩትንም ከእሳቸው ጋር አይቅበርብን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ለቤተሰቡ ተነብቧል። ዴላሊ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ እስከ ምርቃቱ አዳመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቶግቢ አካክፖ ሄደች፤ በጉልበቷ ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸውና ከወንበራቸው ሥር ማኑቬላውን አወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?» አሏት።

ደጃፉ ላይ ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ወፍጮው ዳስ ሄደች።