ኑግ ዘይት የጠጣችው ጀልባ

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ልጥፉ ተነሣ። ጀልባዋን ውኃ ላይ ካወረድናት ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ከጎኗ እንደ ቁስል ቅርፊት ተላቆ ተንሳፈፈ። ውኃ ገባ። አራት ሆነን ጎትተን አወጣናት።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ በላቸው ልጥፉን አንሥቶ እያገላበጠ አየና፣ "ይኼ ልጅ ሥራ አይችልም" አለ። ይኼ ልጅ የሚለው የለጠፋትን አስረስን ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የመኪና ቀለም ቤት ከከፈተ ገና ዓመቱ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ባልነቀንቅ ይሻል ነበር።

ጀልባዋ ነጭ ናት፣ የፋይበር ግላስ፤ አሥር ሰው ትይዛለች። ከግድቡ ወዲህና ወዲያ ያለን ሰዎች በማኅበር ነው የገዛናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ውኃው ጎድሎ ድንጋይ መታትና ጎኗ ከግርጌ ተሰነጠቀ። አሁን ዝናቡ ጀምሯል፤ ሲጠና በእግር የሚዞረው መንገድ ይዘጋል። ሰኔ ሚካኤል ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ማዶ ነው።

ሰባት ቀን።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

አስረስ ጠዋት በሞተር ሳይክሉ መጣ። አልተቆጣም፣ አላማረረም። ስንጥቁ አጠገብ ጣቱን አሻሸና አሸተተው። ከዚያ ጨርቅ በቲነር ነክሮ አንድ ክንድ ያህል ጠረገ። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

"ምን ተቀብታ ነበር፣ ጋሼ? ይኼ ዘይት ነው። ዘይት ባለበት ማጣበቂያው ሬዚን አይዝም።"

"ከሞተሩ ይሆናል" አልሁት።

የጀልባዋ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፣ ስንጥቁ ከፊት። አስረስ ሞተሩን አየ፣ ስንጥቁን አየ፣ "እሽ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

ለደብተር ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? ከኅዳር ጀምሮ በየቅዳሜው ኑግ ዘይት እየቀባኋት ነበር። አባቴ የበቅሎውን ኮርቻ በቅቤ እያሸ ነበር የሚያኖረው። ያልታሸ ኮርቻ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል ይል ነበር። ጀልባዋም ፀሐይ ጨርሷት ነበር፤ በእጅ ሲነኳት ነጭ ዱቄት ትለቃለች። አሳዘነችኝ። ቅቤ በዚህ ዘመን አይቀመስም፤ ኑግ ግን ቤት አለ። ቀባኋት፣ አበራች። ገበያተኛው ፎቶ ይነሣባት ጀመር። "መምህር እንዴት አድርገው ነው የያዟት" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ እንዴት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርሁም። በኋላ ቢጫ እያለች፣ አቧራም እየያዘች መጣች። ያነሳት መስሎኝ ጨመርሁላት።

አስረስ መጀመሪያ ሊለጥፋት የመጣ ለት "ታጥባለች፣ ንጹሕ ናት" ያልሁትም እኔ ነኝ። በሳሙና አጥቤያት ነበር። ሳሙና ይበቃታል ብዬ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ማንኩሳ ገበያ ዋልሁ። የገዛሁት፦ ጨው፣ ባትሪ፣ የሚስቴ ነጠላ ክር። የሰማሁት፦ አንድ ባለ ባጃጅ ባጃጁን አስረስ ዘንድ ሊያስቀባ ቀጠሮ ይዞ ነበር አሉ፤ ልጥፉ መነሣቱን ሲሰማ ቡሬ ወሰዳት። ሁለት ቀን አልሞላም እኮ። ወሬ እግር የለውም፣ ግን ከኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

ማታ ሚስቴ ጥሩነሽ ወጥ ልትሠራ የዘይቱን ጀሪካን አነሣችና ነቀነቀችው። ጾም ነው፤ ከዘይት በቀር ማጣፈጫ የለም። በጀሪካኑ ሥር የቀረው አንድ ጭልፋ አይሞላም። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ምንም ሳልላት ገባት።

"ዘይቱን የጨረስኸው አንተ፣ ስሙ የጠፋው እሱ" አለችኝ። ጀሪካኑን አስቀምጣ ደግሞ "አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" አለች።

ራት አልጣመኝም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እናገራለሁ ብዬ ነበር የሄድሁ። ቃሉን ሁሉ በመንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ።

አቶ በላቸው ቀደመኝ። አስረስ እስከ ረቡዕ ካላስተካከለ ከባሕር ዳር ሌላ ሰው እንደሚመጣ፣ እሱም ከእንግዲህ የማኅበሩን ዕቃ እንደማይነካ፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያውም እንደሚነገር ተናገረ። አስረስ እነሱ ዘንድ በርና ወንበር ሊቀባ ተነጋግሮ ነበር። ያ ሁሉ ሊቀርበት ነው። ሰው ሁሉ ተስማማ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "መምህር ምን ይላሉ?" አሉኝ።

"ጊዜው አጭር ነው" አልሁ።

ያልሁት ይኸው ነው። የጀልባዋን ቁልፍ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ሲያጣ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ግን ፈሪነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። አስረስን ደጃፉ ላይ የመኪና በር በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ አገኘሁት። ወንበር አቀረበልኝ፤ አልተቀመጥሁም።

"ዘይቱን የቀባሁ እኔ ነኝ" አልሁት። "ከኅዳር ጀምሮ። ከሞተሩ አይደለም።"

እጁን ጠረገ። "ዓርብ ለት አውቄያለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልህ?"

"መምህር ፈንታ ዋሹ ብል ማን ይሰማኛል? ግማሹን አገር ፊደል ያስቆጠሩ እርስዎ ነዎት።"

ያቀረበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እሱም ቀጥሎ፣ የሰው ቃል አምኖ በቲነር ሳይጠርግ መለጠፉ የራሱ ጥፋት እንደሆነ ነገረኝ። ለማኅበሩ ይንገሩልኝ ግን አላለኝም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በሞተር ሳይክሉ ኋላ አፈናጥጦኝ መጣን። አራት ጊዜ በሳሙና፣ ሦስት ጊዜ በቲነር ጠረግናት፤ በየጊዜው ጨርቅ እየቀየርን። በአንድ ጨርቅ ደጋግሞ መጥረግ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው አለ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው ስንጥቁን ፍቆ የለጠፈው። ዝናብ መጣ፤ ሸራ ወጥረን እስኪደርቅ ቆምንለት።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ልጥፉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በጥፍሬ ሞከርሁት። አስረስ አየኝና ሳቀ።

ዛሬ የተማርሁት፦ ፋይበር ግላስ ቆዳ አይደለም፣ ዘይት አይጠጣም። ነጩ ዱቄት በፀሐይ የሞተው ላይኛው ቅብ ነው፤ ይታሻል እንጂ አይቀባም። ብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው ተጀምሮ ወደ ልስላሴ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ በውኃ። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ካሹ ቅቡ አልቆ የውስጡ የፋይበር ክር ይወጣል። እኔ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አሻሁ። አስረስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና፣ "ጋሼ፣ ይቺ ጥቁር ሰሌዳ አይደለችም" አለኝ።

ልጥፉን ከላይ ነጭ ቅብ ሰጠው። ትከሻዬ አልነሣ ብሎኛል። ጥሩነሽ በሞቀ ውኃ አሸችልኝ፤ ዘይት እንደሌለ ሳታስታውሰኝ አላለፈችም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጠዋት አስረስ ኮምፓውንድ በሚሉት ማለስለሻ አሻት፤ ከዚያ ሰም ቀባት። ሰሙ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ፀሐይዋን የሚከላከልላት እሱ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃታል። እኔ በሳምንት አንዴ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኅበሩ በሞላ መጣ። ውኃ ላይ አወረድናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየች፤ ጠብታ አልገባም። ፊቷ ላይ የተረጨው ውኃ እየተንከባለለ ይወርዳል።

አቶ በላቸው ደስ አለው። "አያችሁ፣ ልጅ ካልተቆጡት አይሠራም። አሁን ነው ልብ የገዛው" አለ። አስረስ ጎንበስ ብሎ ጨርቆቹን ይለቅም ነበር። ቀና አላለም።

"የፊተኛውም ሥራው ደህና ነበር" አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰባት ወር ኑግ ዘይት ስቀባት ኖሬ፣ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። እሑድ ለትም መካከላችሁ ተቀምጬ ዝም አልሁ።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ። አቶ በላቸው አልሳቀም። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፣ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም፤ አዝኖብኛል። እጁን ዘረጋ። "መምህር፣ ቁልፉን" አለኝ። ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ አስረስን ትከሻውን ያዘው፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም።

አፈርሁ። አፍሬም ቀለለኝ፤ ሁለቱ አብረው መሆናቸው ይገርማል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ ተሻገርሁ። ጉዳይ የነበረኝ በመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከቅዳሴ ስመለስ፣ ማዶው ወደብ ላይ አንዲት እናት አልሳፈርም ብለው ቆመዋል። "ይቺ የተቀደደችው አይደለችም ወይ? የሠራትም ልጅ አይችልም ሲሉ ሰምቻለሁ" ይላሉ። ሰው ከኋላቸው ተሰልፏል። ገብቼ ወለሉ ላይ፣ ልጥፉ አጠገብ ተቀመጥሁ።

"የሠራት አስረስ ነው፣ እማማ፣ የፍኖተ ሰላሙ" አልኋቸው። "ይችላል። ያበላሸኋት እኔ ነበርሁ። ውኃ ከገባ መጀመሪያ የምርስ እኔ ነኝ።"

ተሳፈሩ። የሚቀጥለው ጭነት ላይም ተቀመጥሁ፣ ያንኑ ተናገርሁ። አምስተኛው ላይ ወሬው ቀድሞኛል፤ ገና ሲገቡ ይሥቃሉ። አንዱ ጎረምሳ "ጀልባ ወጥ የሠሩት መምህር እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ነኝ አልሁት። ቆረቆረኝ፣ ግን የአስረስን ስም በመጥፎ ያነሣ ሰው አልነበረም።

የቁልፉን ነገር ማኅበሩ እሑድ ተሰብስቦ ይወስናል። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ማታ ቤት ስገባ ጥሩነሽ ከኋላዬ ዞራ አየችኝ። ሱሪዬ ደረቅ ነው።