የተረፋ አረንጓዴ ኮት

ለምወድሽ ልጄ ለየምሥራች፤

እንደምን ሰነበትሽ? ራስ ምታቱስ ተወሽ? ብርቄዬ ጥርስ አወጣች ወይ? እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴን ብይዝም የሽመና መወርወሪያዬ ከእጄ አልወደቀም። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጣራዬን ራሴ እከድናለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ፊደሉ ቢንጋደድም ራሴ ጻፍሁት፤ ለሌላ ሰው ነግሬ የማስጽፈው ነገር አይደለም።

የጉቴው መርጋ ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ፣ ወንድምሽን ተረፋን ወባ ገደለው፣ እኔው ቀበርሁት ሲለን፣ ለቅሶ ልንቀመጥ ድንኳን ጥለን ነበር። አንቺ ግን በጎረቤትሽ በወይዘሮ ሸዋጌጥ ቴሌቪዥን፣ ድልድይ ሲመረቅ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አየሁት፣ የጉንጩ ጠባሳ አለ፣ አረንጓዴ ኮቱን ለብሷል ብለሽ ጻፍሽ። ድንኳኑን አስነቀልሁ። በቁም ላለ ልጅ አላለቅስም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድርተኛው ሲያገኘኝ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞራል።

በቀደም ሳልነግርሽ፣ ያን ቴሌቪዥን በዓይኔ ልይ ብዬ አዲስ አበባ መጥቼ ነበር። አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ የጊምቢው ወዳጄ የሞረዳ ቡና ቤት፣ ቴሌቪዥን አለ ቢሉኝ ገባሁ። ብዙ ሕዝብ ተሰልፎ ሲታይ ፊታቸውን ልለይ ተጠጋሁ። ብዥ ሲልብኝ መስታወቱን በጋቢዬ ጫፍ ወለወልሁት። ጠጪው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ፣ አባባ፣ ገብተው ሊሰለፉ ነው? አለኝ። አንተ ተሰለፍ፣ እኔ ሰው ፈልጌ ነው አልሁት።

ሞረዳ ኦቦ ተክለጻድቅ ብሎ ወንበር አቀረበልኝና መስታወቱ ንጹሕ ነው አለኝ። ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች ከስድስት መቶ በላይ መስመር ተደርድሮ የሚሠራ ነው፤ አንድ ፊት ሲሞላው ብዙ መስመር ይደርሰዋል፣ ሕዝብ ሲቆምበት ግን ለአንዱ ራስ ጥቂት ብቻ ይተርፈዋል፤ ቢጠጉትም አይጨምርም አለኝ። ይኼ ለሸማኔ አይጠፋም። በሦስት በአራት ማግ የጥለት አበባ አይወጣም። ጠባሳው በየትኛው ክር ላይ ሊወጣልሽ ነው?

ቀጥሎ ባንዲራችን ሲውለበለብ አየሁ። አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት አመድ ሆነዋል፤ ቢጫው ብቻ ትንሽ ነጣ ይላል። ያ ዕቃ ጥቁርና ነጭ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱን ቢያደባልቅ የሚያገኘው ግራጫ ነው። ኮቱን አረንጓዴ ያደረገው የአንቺ ዓይን ነው፣ ልጄ። ዋሸሽ አልልም። እኔም እኮ እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለቴ ተረፋ! ብዬ ተነሥቻለሁ።

ቤትሽ ሳልመጣ በመመለሴ አትቀየሚኝ። ፊትሽን ካየሁ ዳግመኛ አምኜሽ እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። አሁን ጥቁርሽን ልበሺ። ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ለቅሶ እንቀመጣለን።

ባለቤትሽን አቶ ወሰኔን ሰላም በይልኝ። ብርቄን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ወይዘሮ ሸዋጌጥን አልተቀየምኋትም በያት።

የቀረብኝን ዕዳ ራሴ እወጣዋለሁ፣ ማንም እንዳይረዳኝ። ኪራሙ ላሉት አክስትሽ መርዶውን እኔው በእግሬ ሄጄ እነግራለሁ። ድንኳኑን እኔው እተክላለሁ። ደብዳቤሽ የመጣ ጊዜ ለተረፋ የጀመርሁት ጋቢ አለ፤ ጨርሼ ጉቴ ወርጄ መርጋን አለብሰዋለሁ። አመሰግነውና ልጄን በምን ገንዞ እንደቀበረው እጠይቀዋለሁ።

አባትሽ ተክለጻድቅ
ነቀምት፣ ጨለለቂ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.