ሳሎኑን ያዞርን ዕለት

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን ለወንድሜ ስለምታቀብዪው ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

ያን ቅዳሜ የባለቤቴ አለቃ ከነሚስቱ ሊመጣ ነው ብዬ ቤቱን ሳተራምስ አብረሽኝ ነበርሽ። ሶፋው ለበሩ ጀርባውን ሲሰጥ እንግዳ ያስቀይማል ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አዞርነው። ቡፌውንም በዚያ ጉልበትሽ እየገፋሽ ወደ ጥግ ወሰድሽልኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጥልፍሽን፣ ሁለቱን ወፎች፣ ትክ ብዬ ሳይ ገባሽ። ምንም ሳልልሽ ወንበር ላይ ወጥተሽ አወረድሽው። የመኝታ ቤቱ ስዕል እዚህ ያምራል አልሽኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ከሰዓታቸው ቀድመው ደረሱ። አንቺ ሻሽሽ ተንሸራቶ፣ ቀሚስሽ አቧራ ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ቆመሻል። የአለቃው ሚስት በትህትና እኚህ ማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ።

«የምታግዘኝ ሴት ናት» አልኩ።

ምላሴ ከልቤ ቀድሞ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አስቤ ነው ያልኩት።

ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን ማድ ቤት ገብተሽ ሻይ በትሪ ይዘሽ መጣሽ። ለሁሉም ካደልሽ በኋላ ፊቴ ቆመሽ፣ «ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?» አልሽኝ። እኔን፣ የወለድሽኝን፣ አንቱ አልሽኝ። ባለቤቴ ስኒው ላይ አቀረቀረ። እኔ የለም አልኩሽ። በማግስቱ ቤቴ ናፈቀኝ ብለሽ ሄድሽ፤ ሻንጣሽን እንኳ አላስያዝሽኝም።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ብቻዋን ልትጠይቀን መጣች። ጥልፍሽን ቦታው መልሼው ነበር። ማን ጠለፈው ስትለኝ፣ እናቴ ናት፣ ያን ቀን ሻይ ያመጣችው እሷ ናት አልኳት። «አውቄ ነበር» አለችኝ። «ግንባራችሁ አንድ ነው። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

እናቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ላንቺ አሰናድተናል። አልጋው መስኮቱ ስር ሆኗል። ቁም ሳጥኑን የገፋው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ሐኪሟ ከልክላኛለች። ታዲያ አሁንም እንዳግዛት ፈለገችኝ እንዳትዪ። ሳሎን ተቀምጠሽ፣ ሰው በመጣ ቁጥር እናቴ ናት እንድል ነው የምለምንሽ። ካልመጣሽም አልፈርድብሽም።

ክፉ አይይሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ። መርቂኝ ለማለት አፍ የለኝም። ከመረቅሽኝ ግን ምርቃቱን ለሁለት ነፍስ አድርጊው።

ልጅሽ