የሦስት ወር ልጄ ፈተና ስላስኮረጀችኝ

ለተከበሩ አቶ ተስፋዓለም
የኮሌጃችን የኦንላይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሲስተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እየገለጽኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የብርጓል እንዳላማው እባላለሁ። በሮብ ገበያ የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በኮሌጅዎ የዲግሪዬን የመጨረሻ ዓመት ስማር ቆይቼ በፈተና ማጭበርበር ለአንድ ዓመት ታግጃለሁ። ያስኮረጀችኝ ሂዊ ምስጋናው ትባላለች። ልጄ ናት። በፈተናው ዕለት ገና ሦስት ወሯ ነበር።

ከቅሬታዬ በፊት ላመስግንዎ። ቀድሞ በየቅዳሜው ማርቆስ ድረስ እመላለስ ነበር፤ ዝናብ የጣለ እንደሆነ መኪና ይጠፋል፣ ግማሹ ትምህርት ያመልጠኛል። ትምህርቱ በኦንላይን ከሆነ ወዲህ ግን፣ እግሬ ባበጠበት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ተማርኩ። ያልገባኝን መልሼ መላልሼ ሰማሁ። ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት የማፍር ሴት፣ ጥያቄዬን በጽሑፍ ልኬ መልስ አገኘሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ቀጥሎ የምለውም እንዲሁ ከልብ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ስለ ማሳወቅ። ከፈተናው አስቀድሜ ወደ ቢሮዎ ደውዬ፣ የማጠባ እናት መሆኔንና ካሜራ ፊት ሳልነቃነቅ ሦስት ሰዓት መቀመጥ እንደማልችል ብናገር፣ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛዎ «ሲስተሙ ላይ ጠይቂ» አለኝ። ሲስተሙን ጠየቅሁት። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አለኝ። እስከ ዛሬ እንደተመሰጋገንን አለን።

2. ስለ ወንጀሉ አፈጻጸም። የሮብ ገበያ ኔትወርክ ስለማያስተማምን፣ ፈተናውን ልወስድ ማርቆስ የባለቤቴ እህት ቤት መጣሁ። ልጅቷን አማቴ እማማ ሙላቷ በረንዳ ላይ ይዘዋታል፤ እኔ በር ዘግቼ፣ ስልኬን ፊት ለፊቴ አቁሜ፣ እንደ ሐውልት ተገትሬ እሠራለሁ። መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር። ኋላ ማልቀስ ጀመረች። በጡጦ የሰጧትን ተፋችው። ለቅሶዋ ወደ ሲቃ ሲለወጥ አማቴ በሩን ከፍተው ገቡና «ኧረ የብርጓል፣ ይች ልጅ ትንፋሽ አጠራት! ፈተናው ይቆይሽ!» አሉኝ። ፈተናው እንደማይቆየኝ ባውቅም፣ እሳቸው ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ። በአንድ እጄ አቅፌ፣ ጡቴን አጉርሼ፣ በሌላው መሥራቴን ቀጠልኩ። ሁለት ጥያቄ ሲቀረኝ ስክሪኑ ጠቆረና «ሁለተኛ ሰው ታይቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ውጤቴ ዜሮ ሆነ። ተባባሪዬ ምንም ሳትደነግጥ መጥባቷን ቀጠለች፤ ይህም በሙያው የቆየች መሆኗን ሳያስረዳዎ አልቀረም።

3. ስለ ፍርዱ። ልጄን አዝዬ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ፊት ቀረብኩ። ከጀርባዬ አውርጄ «ሁለተኛዋ ሰው ይህች ናት» አልኩ። እርስዎም ማስረጃ ይታይ ብለው፣ ሳጠባ የተቀረጽኩትን ምስል ግድግዳው ላይ በትልቁ አስከፈቱት። ከማላውቃቸው ወንዶች መካከል ቆሜ መሬት መሬት አየሁ። ከአባላቱ መምህርት አይናለም ብቻ ተነሥተው «አጥፉት! ነውር አይደለም እንዴ?» አሉ። ሂዊን ተቀብለውኝ አቅፈው፣ «ይህች ማንን ታስኮርጃለች? በወረቀት እንደገና ትፈተን» ብለውም ተከራከሩልኝ። እርስዎ ግን «ዛሬ ይህችን ብንለቅ፣ ነገ ሁሉም ልጅ ተከራይቶ ይመጣል» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ልጅ የሚከራይበት ቦታ የሚያውቁ ከሆነ ቢጠቁሙን ለብዙ መካን ቤት ደስታ ይሆን ነበር፤ እኔ በበኩሌ የራሴን ያገኘኋት አምጬ ነው።

4. ስለ ግልባጩ። የእገዳው ደብዳቤ ለትምህርት ቤቴ በግልባጭ እንዲደርስ ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሌላ ቀን ተማሪዎቼን ስፈትን፣ አንዲቷ ከአጠገቧ ልጅ ስትገለብጥ ያዝኳት። ወረቀቷን ልወስድ ስል ቀና ብላ «ቲቸር፣ እርስዎም ኮርጀው የለ እንዴ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ በትምህርት ቤቱ ሲወራ የሰማችውን ነው። ወረቀቷን ትቼላት ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ዓመት መታገዱን ችዬዋለሁ። አብረውኝ የጀመሩት ሲመረቁ ከአጥር ውጭ ቆሜ ማጨብጨቡንም ችዬዋለሁ። ይህን ግን እስካሁን አልቻልኩትም።

ሰዎች «ሁሉም የሲስተሙ ጥፋት ነው» እያሉ ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሽኑ ሁለተኛ ሰው አየሁ አለ፤ አልዋሸም፣ ሂዊ ሰው ናት። ሕፃን መሆኗን ለማየት ግን የተቀጠሩት እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ እገዳዬ ሲያልቅ ተመልሼ በዚያው የኦንላይን መድረክ እማራለሁ። እስከዚያው የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ያ ምስል ካለበት ቦታ ሁሉ ይጥፋልኝ፤ ለትምህርት ቤቴም «መምህርት የብርጓል አልኮረጀችም» የሚል አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ለመጻፍ እጅዎ ካልፈቀደ፣ ሲስተሙ ይጻፈውና እርስዎ እንደ ልማድዎ ይፈርሙበት።

ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ኔትወርክዎ እንዳይቋረጥ፣ በቤትዎም የሕፃን ድምፅ ሥራ እንዳያስፈታዎ ዘወትር የምመኝልዎ፣

ታዛዥ ተማሪዎ
የብርጓል እንዳላማው
ሮብ ገበያ

ማስታወሻ፦ በአደባባይ ከመጻፍ ይልቅ በመድረኩ ላይ «ቅሬታ ያቅርቡ» የሚለውን ለምን አልተጠቀመችም ብለው እንዳይቀየሙኝ። ተጠቅሜ ነበር። «ይህ አገልግሎት ለታገዱ ተማሪዎች ክፍት አይደለም» አለኝ።